የጡረተኛው ሕክምና እና የዕድሩ ካዝና

የጡረታ አበል በሚገባበት ሰሞን በአርባ ምንጭ ከተማ ሲቀላም ሆነ ሴቻ ባንክ በር ላይ የተሰለፉትን አረጋውያን ጨዋታ ያዳመጠ ሰው፣ ወሬው ከየትም ተነስቶ የመድኃኒት ዋጋ ላይ እንደሚያርፍ ያስተውላል። በሰልፉ ውስጥ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የወጡ አሉ፤ ከእርሻ ልማቱ፣ ከአዞ እርባታው፣ ከነጭ ሣር ፓርክ የወጡ አሉ፤ በቼንቻና በቦንኬ ደጋ ቀበሌዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠመኔ ይዘው የቆዩ መምህራን አሉ። አንዱ የግፊት፣ አንዷ የስኳር፣ ሌላው የፕሮስቴት መድኃኒት ይወስዳሉ። ብዙዎቹ የሚወስዱት ከአንድ ዓይነት በላይ ነው። ከባንኩ ወጥተው በቀጥታ የሚያመሩትም ወደ መድኃኒት ቤት ነው፤ አበሉ ቤት የሚደርሰው ተቀንሶ ነው።

እነዚህ ሰዎች በሠሩበት ዘመን ከደመወዛቸው ለጡረታ ሲቆረጥባቸው ኖሯል። ለሕክምናቸው ግን በስማቸው የተጠራቀመ ነገር የለም። ችግሩ ሳይታሰብበት ቀርቶ አይደለም። ታስቦበታል፤ ሕግም ወጥቶለታል። በ2002 ዓ.ም. የማህበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ወጣ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ማስፈጸሚያ ደንቡን ቁጥር 271 ብሎ አጸደቀ። በመደበኛው ዘርፍ የተቀጠረ ሰው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 3 በመቶ እንዲያዋጡ ተወሰነ። ጡረተኛው ከአበሉ 1 በመቶ ብቻ እንዲከፍል፣ መንግሥትም 1 በመቶ እንዲጨምርለት ተደነገገ።

ይህ 1 በመቶ ምን ያህል እንደሆነ በገንዘብ እናስላው። 35 ዓመት ያገለገለች አንዲት መምህርት የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዟ 9,000 ብር ነበር እንበል። በጡረታ ሕጉ ስሌት ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ ይያዝላታል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከላል። ድምሩ 61.25 በመቶ ነውና አበሏ 5,512 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ከዚህ ላይ 1 በመቶ ማለት 55 ብር ገደማ ነው። በወር 55 ብር ከፍላ እንድትታከም ሕጉ ቃል ገብቶላት ነበር። ወር ሙሉ የሚዋጥ የግፊት መድኃኒት የሚገዛ ሁሉ ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ያውቀዋል።

አዋጁ ከወጣ በኋላ ግን ትግበራው ከአስር ዓመት በላይ ሲራዘም ኖረ። ኑሮ የከበደባቸው ሠራተኞች በተቆራጩ ላይ ቅሬታ አነሱ፤ የጤና ተቋማቱ ዝግጅትም አጠያየቀ። የሠራተኛው ቅሬታ ይገባኛል፤ ታሞ ሄዶ መድኃኒት የማያገኝበት ተቋም ላይ በቅድሚያ ክፈል ሲባል ማንም ያንገራግራል። ሆኖም ሠራተኛው በጅምላ መድን ይጠላል ማለት ስህተት ነው። ከእኛ ብዙም በማይርቀው በወላይታ ሶዶ ከተማ በመምህራን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ከተጠየቁት አብዛኞቹ ለመክፈል ፈቃደኛ እንደነበሩ አሳይቷል። በዚህ ሁሉ መዘግየት የበለጠ የተጎዳው ጡረተኛው ነው። ወጣቱ ሠራተኛ አስር ዓመት ቢጠብቅ ጤነኛ ሆኖ ሊጠብቅ ይችላል። በ60 ዓመቱ ጡረታ የወጣ ሰው ግን ያሳለፋቸው እነዚያ ዓመታት ሐኪም ቤት የሚመላለስባቸው ዓመታት ነበሩ።

ከማህበራዊው ጤና መድን ሌላ ሁለተኛው በር የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው፤ በቢሮ አጠራሩ ማአጤመ። በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በቀድሞው ደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ዛሬ በአገሪቱ ብዙ ወረዳዎች ተዳርሷል። በምዕራብ አባያ ሙዝ የሚያለማው ገበሬ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች ላይ መረብ የሚጥለው ዓሣ አጥማጅ፣ በዶርዜ ጥበብ የሚሸምነው ሸማኔ በዓመት አንድ ጊዜ ለቤተሰቡ ከፍሎ፣ ካርዱን ይዞ ጤና ጣቢያ ይታከማል፤ ሲያስፈልግ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ያልፋል። ለድሃ ወገኖች መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ይህ ሥርዓት ብዙ እንከን ቢኖርበትም ሕይወት ማትረፉን ዓይኔ አይቷል፤ የተመሰገነ ሥራ ነው።

ሆኖም ማአጤመ ሲቀረፅ የታሰበው መደበኛ ቅጥር ለሌለው ሕዝብ ነው። ጡረተኛው በሕግ የተመደበው በማህበራዊው መድን ውስጥ ነው፤ ያ ደግሞ ሲራዘም ኖሯል። የወር ገቢ አለው ተብሎ ከአንዱ ይቀራል፣ ሌላው ገና ነው ተብሎ ይጠብቃል። በአንዳንድ ከተሞች ችግሩን የተረዱ አስተዳደሮች ጡረተኞችን በማአጤመ አቅፈዋል። ስለዚህ በአርባ ምንጭም ሆነ በቼንቻ፣ በብርብርም ሆነ በገረሴ ያለ ጡረተኛ ሁሉ አስቀድሞ ማድረግ ያለበት ቀበሌው ሄዶ «እኔ መግባት እችላለሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ «አይቻልም» ከሆነ በምን መመሪያ እንደሆነ ይጠይቅ። መልሱ «ይቻላል» ከሆነ ደግሞ ነገ ዛሬ ሳይል ይመዝገብ፤ ምዝገባና እድሳት ወቅት አለው፣ ካለፈ ዓመት ያስጠብቃል።

ካርዱ ከተገኘም በኋላ ክፍተቱ ሙሉ በሙሉ አይደፈንም። ስለ ተጨማሪ መድን ማሰብ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። መድን ያለው ጡረተኛ ክትትል ለማድረግ በሌሊት ተነስቶ ወረፋ ይይዛል፤ ሐኪሙ ያየዋል፤ ማዘዣውን ይዞ ወደ መድኃኒት ክፍሉ ሲሄድ «ጋሼ፣ አንዱ አለ፤ ሁለተኛውን ከውጭ ይግዙት» ይባላል። «ከውጭ» የሚባለው የግል መድኃኒት ቤት ነው፤ እዚያ ካርዱ አይሠራም። በአንዳንድ ቦታ የተገዛበትን ደረሰኝ አምጥቶ ገንዘብ ማስመለስ ይቻላል። ለዚያ ግን አስቀድሞ የሚከፈል ጥሬ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ በእርጅና ጉልበትም መመላለስ አለ። መድኃኒቱ በብዛት ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነውና በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ከተለወጠ ወዲህ ያለውን የዋጋ ነገር ጡረተኛው ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ሪፈር ሌላው ወጪ ነው። አርባ ምንጭ ጠቅላላ ሆስፒታል አለን፤ ብዙ ነገር ይሠራል። የልብ፣ የካንሰር፣ የከበደ የነርቭ ጉዳይ ሲሆን ግን ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ይላካል። ሶዶ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ በሻሸመኔ ዞሮ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ታማሚው ብቻውን አይሄድም፤ አስታማሚ ያስፈልገዋል። አልጋ እስኪገኝ ድረስ ዘመድ ቤት ወይም ርካሽ ማረፊያ ይፈለጋል፤ ምግብ አለ፣ ታክሲ አለ። መድኑ የሐኪሙን ቢሸፍን እንኳ ይህን ሁሉ አይሸፍንም። በደጋው ያሉ ቤተሰቦች በሬ የሚሸጡት፣ ከተሜው ጡረተኛ ከልጆቹ የሚበደረው በዚህ ጊዜ ነው።

ቀጥሎ ሕጉ ራሱ «አልሸፍንም» ያለው አለ። በማህበራዊው ጤና መድን ደንብ ከሽፋን ውጭ ከተደረጉት መካከል መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ፣ የአካል ክፍል ንቅለ ተከላ ይገኙበታል። የኩላሊት እጥበትም ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር አይሸፈንም። ይህን ዝርዝር እንደገና ያነበበ ሰው የአረጋዊ ሰው አካል በተራ የተጠራ ይመስለዋል። ዓይኑ ሲደክም መነጽር የሚፈልገው፣ ጥርሱ የሚረግፈው፣ ወድቆ ዳሌው የሚሰበረው፣ ስኳርና ግፊት ቆይተው ኩላሊቱን የሚጎዱበት ማን ነው? ለወጣት ሠራተኛ እነዚህ የሩቅ ነገሮች ናቸው። ለጡረተኛው በየዕለቱ የሚያያቸው ናቸው።

ስለ ኩላሊት ጥቂት ልጨምር፤ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመሙ የመጨረሻ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እጥበት ማድረግ አለበት፤ ያውም ንቅለ ተከላ ካላገኘ ዕድሜውን ሙሉ። ይህን በጡረታ አበል የሚችል ሰው የለም። በከተሞቻችን በመኪና ላይ ፎቶ ተለጥፎ፣ በድምፅ ማጉያ «ወገኖቼ ድረሱልኝ» የሚባለው ልመና በብዛት ከዚህና ከልብ ሕመም የሚመጣ ነው። ሕዝቡ ደግ ነው፤ ከኪሱ አውጥቶ ይሰጣል። ግን ፎቶው የሚያምር፣ ወጣት ወይም ሕፃን ከሆነ ብዙ ይሰበሰባል። የ68 ዓመት አዛውንት ፎቶ ተለጥፎ ሲለመን ምን ያህል ጊዜ አይተናል? ቤተሰቡም አዛውንቱም ያፍራሉ፤ «እኔ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ» ብለው ዝም ይላሉ። ሽፋን በሌለበት አገር የሚድነውን የሚመርጠው የሰው ርኅራኄ ነው፤ ርኅራኄ ደግሞ ሽማግሌን ይረሳል።

ታዲያ የግል ኢንሹራንስ ይገዛ? በአገራችን የሕክምና መድን የሚሸጡ ኩባንያዎች አሉ፤ የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም፣ የግሎቹም ይሸጣሉ። ገበያው የቆመው ግን በቡድን ነው፤ ድርጅት ለሠራተኞቹ በጅምላ ይገዛል። ባንኮች፣ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች፣ ትልልቅ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን እንዲህ ያስታክማሉ። ሠራተኛው ጡረታ የወጣ ዕለት ግን ከቡድኑ ይወጣል፤ ሽፋኑም አብሮ ያበቃል። ብቻውን ሄዶ ልግዛ ቢል ስንት ዓመትህ ነው፣ ከዚህ በፊት ምን ሕመም ነበረብህ የሚሉ ጥያቄዎች ይጠብቁታል። ኩባንያውን አልወቅስም። ከታመመ በኋላ የሚመጣን ሰው ብቻ እየመዘገበ የሚዘልቅ መድን የለም፤ ጤነኛው ለታመመው ካልከፈለ ካዝናው በአንድ ዓመት ይደርቃል።

ሀብታም አገሮችም ከዚሁ ጥያቄ ጋር ታግለዋል። አሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ወደ 65 ዓመታቸው እየተጠጉ ነውና ጉዳዩ የእነሱም ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው ሜዲኬር አረጋውያንን ያሳክማል፤ ከሆስፒታል ውጭ ለሚሰጠው ሕክምና ግን በአብዛኛው የሚከፍለው 80 በመቶውን ነው። ቀሪውን ለመሙላት ሜዲጋፕ የሚባል ተጨማሪ መድን ከግል ኩባንያዎች ይገዛል። ሕጉ አንድ ብልህ ነገር አድርጓል። ሰውዬው 65 ሞልቶት የሜዲኬርን የሐኪም ክፍያ ክፍል ከያዘበት ወር ጀምሮ ባሉት 6 ወራት ውስጥ ከጠየቀ፣ ኩባንያው ታመሃል ብሎ ሊመልሰው ወይም ዋጋ ሊጨምርበት አይችልም። ጊዜው ካለፈ ግን ይህ ዋስትና በአብዛኛው የለም። ስለዚህ አሜሪካ ያላችሁ አባቶችና እናቶች እነዚያን 6 ወራት እንዳታሳልፉ። ጡረታዬን አርባ ምንጭ መጥቼ እበላለሁ የምትሉም አንድ ነገር እወቁ፤ ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ በአብዛኛው አይከፍልም። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስም እንደ እኛው ደንብ ከዋናው ሽፋን ውጭ ናቸው።

ከአሜሪካ ይልቅ ለእኛ የምትቀርበው ጋና ናት። በጋና ብሔራዊ የጤና መድን የመንግሥት ጡረታ ተቋሙ አበል ተቀባዮችና ዕድሜያቸው 70 የደረሰ ሰዎች ዓመታዊ መዋጮ አይጠየቁም፤ ለአባልነቱ ይመዘገባሉ እንጂ። አፍሪካዊት፣ ከእኛ ብዙ ያልራቀ ኪስ ያላት አገር ናት፤ ሽማግሌዎቿን ግን በሁለት ሥርዓት መካከል አልተወችም።

እኔ የማምነው ይህን ነው። ለእኛ ጡረተኛ ተጨማሪ ሽፋን መምረጥ ብቻውን ቁጭ ብሎ የሚወስነው ነገር ሊሆን አይችልም። አንድ ጡረተኛ ብቻውን ሲመጣ ማንም አይፈልገውም። 300 ጡረተኞች ከልጆቻቸውና ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሲመጡ ግን ኩባንያውም ይቀበላቸዋል፣ ወረዳውም ይሰማቸዋል፣ ሆስፒታሉም ውል ይፈርማል። ለዚህ የሚሆን ማህበር ደግሞ አዲስ መፍጠር አያስፈልገንም። ዕድር አለን።

በከተማችን ዕድር የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ምግቡ ይቀርባል፣ ለቤተሰቡ ገንዘብ ይሰጣል። ብዙ ጡረተኛ ለዕድሩ 30 እና 40 ዓመት ሳያቋርጥ ከፍሏል። ያንን ያህል ዘመን የከፈለበት ካዝና እሱ በሕይወት እያለ መድኃኒት ቢያጣ አይከፈትለትም፤ ሲሞት ይከፈታል። ይህን የምለው ዕድርን ለመንቀፍ አይደለም። የዕድር ደንብ የሰው ሥራ ነውና በሰው ይሻሻላል፤ ተሻሽሎም ያውቃል። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ቤት ለቤት ሲገባ በአገሪቱ ብዙ ዕድሮች ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተው፣ የታመመ አባልን በሕይወት እያለ መርዳትና ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ ጀምረው ነበር። ያኔ የተቻለ ዛሬ ለምን አይቻልም?

እንዴት ይሠራል ለሚል በምሳሌ ልናገር። 300 አባላት ያሉት ዕድር ከቀብሩ መዋጮ ለይቶ በየወሩ 20 ብር ለሕክምና ቢጨምር በዓመት 72,000 ብር ይሰበስባል። በዚህ ገንዘብ የኩላሊት እጥበት መክፈል አይቻልም፤ እሞክራለሁ ያለ ዕድር ይከስራል። የየወሩን መድኃኒት ሁሉ ልሸፍን ቢልም አይዘልቅም። ሊሠራ የሚችለው ዋናው መድን የማይነካውን፣ በመጠን የታወቀውንና ጣሪያ ሊበጅለት የሚችለውን መሸፈን ነው፤ የሪፈር ትራንስፖርትና የአስታማሚ ወጪ እስከዚህ ብር፣ ለመነጽር በየተወሰነ ዓመቱ እስከዚህ ብር፣ ሆስፒታል ለጠፋ መድኃኒት ደግሞ ገንዘቡ እስኪመለስ ድረስ የሚሰጥ ብድር። ይህ ትንሽ ይመስላል። ሪፈር ወረቀት በእጁ ይዞ የትራንስፖርት አጥቶ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ግን ትንሽ ነው አይልም። ከሁሉም በላይ ዕድሩ የአባላቱን ዓመታዊ የማአጤመ ክፍያ ሰብስቦ በአንድ ቀን ቢከፍልላቸው፣ በመዘንጋት ካርዱ የሚቋረጥበት አንድም ሽማግሌ አይኖርም።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ሕክምናውን የሚሸፍን ዕድር የሽማግሌ ብቻ ከሆነ ሁሉም የሚያወጣ፣ የሚያስገባ የሌለበት ይሆናል። ጎልማሶቹና ወጣቶቹ መግባት አለባቸው። እዚህ ላይ የጋሞ ወጣት ያለበትን ውለታ ላስታውስ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ በደረሰው ግፍ የተቆጣ ወጣት በአርባ ምንጭ አደባባይ ሲወጣ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ፤ ከተማዋም ከደም ተረፈች። አገር ሙሉ አመሰገናቸው። እነዚያ ሽማግሌዎችና እኩዮቻቸው ዛሬ በየሆስፒታሉ ወረፋ ላይ ናቸው።

የመንግሥት ድርሻ ለዕድር ሊተላለፍ እንደማይችል ግን በግልጽ መነገር አለበት። በአገራችን ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው አሁንም በቀጥታ ከታማሚው ኪስ የሚወጣ እንደሆነ የብሔራዊ የጤና ሒሳብ ጥናቶች አሳይተዋል። 1 በመቶውን እከፍላለሁ ያለው መንግሥት ነው፤ እጥበትንና የዳሌ ቅየራን የመሰለ ከባድ ወጪም አገር እንጂ መንደር አይችለውም። ማህበራዊው መድን ለሠራተኛው የሚዘገይ እንኳ ቢሆን ለጡረተኛው ብቻ በቅድሚያ መጀመር የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። አበሉ በታወቁ የጡረታ ተቋማት በኩል ይከፈላል፤ ተቆራጩን ማስቀረት ከባድ ሥራ አይደለም፤ ቁጥሩና ስሙ ይታወቃል።

ለሚመርጠው ሰው ደግሞ፣ የግል ኢንሹራንስም ይሁን የዕድር ፈንድ፣ ከመፈረሙ በፊት የሚጠይቀውን ልንገረው። አረቦኑ ስንት እንደሆነ መጠየቅ አይበቃም፤ የዓመቱ የክፍያ ጣሪያ ስንት ነው ይበል። አስቀድሞ የነበረብኝን ስኳርና ግፊት ይሸፍናል ወይ፣ የሚሸፍን ከሆነስ ከስንት ወር ጥበቃ በኋላ ነው? እስከ ስንት ዓመቴ ይታደስልኛል? አርባ ምንጭ ውስጥ ውል ያለው የትኛው ሆስፒታልና የትኛው መድኃኒት ቤት ነው? ይህን የመጨረሻውን በተለይ አጥብቆ ይጠይቅ፤ አዲስ አበባ ብቻ የሚያገለግል ካርድ ለሴቻ ነዋሪ ምንም አይጠቅመውም። ከፍዬ ነው የማስመልሰው ወይስ ካርድ አሳይቼ ነው የምታከመው? መልሱን በቃል ሳይሆን በወረቀት ይቀበል፤ ዓይኑ ካልረዳው ልጁን ወይም የልጅ ልጁን ይዞ ይሂድ።

በደጋው በዱቡሻ አደባባይ፣ በከተማው በዕድር ጉባኤ ሕዝቡ የሚሰበሰብበት ቀን አይጠፋም። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አጀንዳው ሁለት ይሁን፤ የአባላት የጤና መድን ካርድ ስንቱ ታድሷል የሚለው አንዱ፣ 20 ብሩን ከየትኛው ወር እንጀምር የሚለው ሁለተኛው። በዚያው ቀን ሦስት ሰዎች ይመረጡና ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት የጡረተኞቹን ስም ዝርዝር ከጥያቄያቸው ጋር በማህተም ያስገቡ።